ፍንጩ ከከርሰሩ ኋላ እንዳይቀር

ለኤዲተር ኤክስቴንሽን ለሚሠሩ ፕሮግራመሮች የቀረበ ንግግር

ጤና ይስጥልኝ። የዛሬው ጉዳያችን ሲያዩት ትንሽ ነው። ኮድ የሚጽፍ ሰው ከርሰሩን አንድ ስም ላይ ሲያሳርፍ ወይም ቅንፍ ሲከፍት ኤዲተሩ፣ ማለትም ኮድ የሚጻፍበት ፕሮግራም፣ አጭር ፍንጭ ያሳየዋል፤ ፈንክሽኑ ምን እንደሚቀበል፣ አሁን የስንተኛው ፓራሜትር ተራ እንደሆነ፣ ስሙ የያዘው ዋጋ ምን ዓይነት እንደሆነ። ይህን ፍንጭ ስክሪን ላይ ማውጣት ከባድ አይደለም፤ ጥቂት መስመር ኮድ ይበቃዋል። የሚከብደው ፍንጩን ለተጠየቀው ቦታ፣ ጸሐፊው ከዚያ ቦታ ሳይነሳ ማድረስ ነው።

አቋሜን ከወዲሁ ላስቀምጥ፦ ዘግይቶ የሚመጣ ፍንጭ ጨርሶ ባይመጣ ይሻላል። ሰው ዓይኑ ያየውን ያምናል። ከርሰሩ ሦስተኛው ፓራሜትር ላይ ደርሶ ሳጥኑ አሁንም ሁለተኛውን ካደመቀ፣ ጸሐፊው የሁለተኛውን ዋጋ በሦስተኛው ቦታ ይጽፋል፤ ሁለቱም ቁጥር ከሆኑ ደግሞ ኮምፓይለሩም ላይይዘው ይችላል። ፍንጭ ባይኖር ኖሮ ሰውየው ወደ ማብራሪያው ሄዶ ያነብ ነበር። ከዚህ በታች የምናነሳው ሁሉ፣ ታይመሩም፣ ስረዛውም፣ የቦታ ቆጠራውም፣ ከዚህ ሐሳብ የሚመነጭ ነው።

መጀመሪያ ሁለት ነገሮችን እንለይ። አንዱ የማውስ ቀስት ነው፤ ሌላው ጽሑፍ የሚገባበት፣ ብልጭ ድርግም የሚለው ከርሰር ነው። ሆቨር የሚባለው ሳጥን በተለምዶ የማውሱን ቀስት ይከተላል፤ በማይክሮሶፍቱ ኤዲተር በቪኤስ ኮድ ቀስቱ አንድ ቃል ላይ 300 ሚሊሰከንድ ሲቆይ ይወጣል፣ ይህም ከሴቲንግ ይቀየራል። እጁ ከኪቦርድ የማይነሳ ሰው ግን ይህን ሳጥን አያገኘውም፤ እሱ ኮንትሮልና ኬ፣ ከዚያ ኮንትሮልና አይ ተጭኖ ያንኑ ሆቨር በከርሰሩ ቦታ ያስወጣል። ለእናንተ የሚጠቅማችሁ ነጥብ ሁለቱም መንገድ የሚጠራው አንድ ፕሮቫይደር፣ ማለትም ኤዲተሩ መልስ የሚጠይቀው የእናንተ ኮድ፣ መሆኑ ነው። ሆቨር ፕሮቫይደር ጽፋችሁ አስመዘገባችሁ ማለት ለማውሱም ለከርሰሩም መለሳችሁ ማለት ነው።

ሌሎች ኤዲተሮች ከርሰሩን በራሱ ይከታተላሉ። ኢማክስ ኤልዶክ በሚባለው ክፍሉ፣ ከርሰሩ ግማሽ ሰከንድ ጸጥ ሲል የፈንክሽኑን መስመር ከታች ያሳያል። ቪም ከርሰርሆልድ የሚባል ክስተት አለው፤ የሚነሳው አፕዴትታይም በሚባለው ሴቲንግ ልክ ሲሆን፣ ሳይነካ 4000 ሚሊሰከንድ ነው። አራት ሰከንድ ለፍንጭ እጅግ ረጅም ስለሆነ ብዙዎች ወደ 300 ገደማ ያወርዱታል። ያው ቁጥር ግን የስዋፕ ፋይሉ (ገና ያልተቀመጠ ጽሑፍ መጠባበቂያ) ወደ ዲስክ የሚጻፍበትን ጊዜም ስለሚወስን፣ ለቪም ፕለጊን የምትጽፉ ሰዎች የተጠቃሚውን ሴቲንግ በራሳችሁ አትቀይሩ፤ የራሳችሁን ታይመር ተጠቀሙ።

ወደ ቪኤስ ኮድ ስንመለስ፣ ለሥራው አዲስ የሆነ ሰው መጀመሪያ የሚፈልገው “በዚህ መስመርና በዚህ ዓምድ ላይ ሳጥን አውጣልኝ” የሚል ትእዛዝ ነው። እንዲህ ያለ ትእዛዝ ለኤክስቴንሽን፣ ማለትም በኤዲተሩ ላይ ለሚጨመር ፕሮግራም፣ አልተሰጠም። ኤዲተሩ ራሱ በሚያውቃቸው መልኮች ብቻ ነው ማሳየት የምትችሉት፤ ሆቨር፣ የፓራሜትር ፍንጭ፣ በመስመሩ ውስጥ የሚገባው ኢንሌይ ሂንት፣ ከመስመሩ በላይ የሚቆመው ኮድ ሌንስ፣ እና የጽሑፉን መልክ የሚያስጌጠው ዲኮሬሽን። የትኛውን እንምረጥ ለሚለው መልሴ አጭር ነው፦ ሰው ሲጠይቅ ብቻ የሚታይ ማብራሪያ ከሆነ ሆቨር፤ ጥሪ እየተጻፈ ሳለ የሚያስፈልግ ከሆነ የፓራሜትር ፍንጭ፤ ሁልጊዜ ዓይን ሥር መሆን ያለበት አንድ ሁለት ቃል ከሆነ ኢንሌይ ሂንት። ዲኮሬሽን የመጨረሻው አማራጭ ነው፤ ምክንያቱም የጊዜውንም የስረዛውንም ሸክም ኤዲተሩ ሳይሆን እናንተ ትሸከማላችሁ።

ከሆቨር እንጀምር። ፕሮቫይደሩ ሦስት ነገር ይቀበላል፦ ሰነዱን፣ ቦታውን፣ የስረዛ ቶከኑን (ጥያቄው መሰረዙን የሚያሳውቀውን ምልክት)። ከቦታው ተነስታችሁ ቃሉን ታወጣላችሁ፣ ስለ ቃሉ የምታውቁትን ትመልሳላችሁ፤ የምታውቁት ከሌለ ባዶ ትመልሳላችሁ። “መረጃ አልተገኘም” የሚል ሳጥን አታውጡ። የብዙ ኤክስቴንሽኖች መልስ በአንድ ሳጥን ውስጥ ነው የሚደረደረው፤ የእናንተ ባዶ ወሬ የሌላውን ጠቃሚ መልስ ወደ ታች ይገፋዋል። ከመልሱ ጋር ሬንጁን፣ ማለትም ፍንጩ የሚመለከተውን ጽሑፍ መነሻና መድረሻ፣ አብራችሁ ስጡ። ሬንጁ ካልተሰጠ ኤዲተሩ ያንን ቃል ብቻ ይወስዳል፤ ነጥብ ያለበት ረጅም ስም ከሆነ ሳጥኑ ቀስቱ ነጥቧን ሲሻገር ይጠፋል።

ቃል ማውጣት ራሱ ወጥመድ አለው። የቪኤስ ኮድ የቃል ደንብ በላቲን ሥርዓተ ነጥቦችና በባዶ ቦታ ነው ቃልን የሚቆርጠው። ስለዚህ በግዕዝ ፊደል በተጻፈ ኮሜንት ውስጥ አራት ነጥቡ ከቃሉ ጋር ተጣብቆ ይመጣል፤ “ድምር።” እና “ድምር” ሁለት የተለያዩ ቃላት ይሆኑባችኋል። በተቃራኒው ደግሞ በጃቫስክሪፕት ሬጉላር ኤክስፕሬሽን (ጽሑፍ መፈለጊያ ንድፍ) የቃል ፊደል ማለት የሆነው አጭር ምልክት የሚያውቀው የእንግሊዝኛ ፊደላትን፣ አኀዞችንና የግርጌ ሰረዝን ብቻ ነው፤ የግዕዝ ፊደልን እንደ ቃል አያየውም። ጃቫስክሪፕትም ፓይተንም በግዕዝ ፊደል የተሰየመ ፈንክሽን ይቀበላሉና ይህ በሰነድ ብቻ የሚያጋጥም አይደለም። መፍትሔው ቃል ፈላጊውን ፈንክሽን ስትጠሩ የራሳችሁን ሬጉላር ኤክስፕሬሽን መስጠት ነው፤ የዩኒኮድ ባንዲራውን አብርታችሁ “ማንኛውም ፊደል” የሚለውን የዩኒኮድ ምድብ ተጠቀሙ።

አሁን ወደ ከባዱ እንግባ፤ የፓራሜትር ፍንጭ። በቅርብ እንድናየው ይህን መስመር እንውሰድ፦

ላክ("ሰላም, ወዳጄ", ድምር(2, 3), 

ከርሰሩ ከመጨረሻው ኮማ በኋላ፣ አንድ ባዶ ቦታ አልፎ ቆሟል። ትክክለኛው መልስ “ላክ የተባለው ፈንክሽን፣ ሦስተኛው ፓራሜትር” ነው። ብዙ ሰው መጀመሪያ የሚጽፈው ኮድ ከከርሰሩ ወደ ኋላ ሄዶ የመጨረሻውን ክፍት ቅንፍ ይፈልግና ከዚያ ወዲህ ያሉትን ኮማዎች ይቆጥራል። እዚህ ላይ የሚያገኘው የድምርን ቅንፍ ነው፤ ከሱ በኋላ ሁለት ኮማ አለ፤ ስለዚህ “ድምር፣ ሦስተኛው ፓራሜትር” ይላል። ድምር ግን ተዘግቷል።

ቀጣዩ ማሻሻያ ጥልቀት መቁጠር ነው፤ ወደ ኋላ ስንሄድ ዝግ ቅንፍ ሲገጥመን አንድ እንጨምራለን፣ ክፍት ሲገጥመን አንድ እንቀንሳለን፣ ኮማን የምንቆጥረው ጥልቀቱ ዜሮ ሲሆን ብቻ ነው። አሁን ፈንክሽኑን በትክክል ላክ ነው እንላለን፤ ግን በጥቅሱ ውስጥ ያለችውን ኮማ አብረን ስለቆጠርን “አራተኛው ፓራሜትር” እንላለን። ይህ ስሕተት ከመጀመሪያው ይበልጥ አደገኛ ነው፤ ስሙ ትክክል ስለሆነ ማንም አይጠረጥረውም።

ወደ ኋላ እየሄዱ ጥቅስ ውስጥ መሆንን ማወቅ አስተማማኝ አይደለም፤ አንድ ጥቅስ ምልክት ከፋች ይሁን ዘጊ ከሱ በፊት ምን እንዳለ ሳያዩ አይታወቅምና። ስለዚህ ከዐረፍተ ኮዱ፣ ማለትም ራሱን ከቻለው የኮድ ትእዛዝ፣ መነሻ ወደ ፊት ተራመዱ። ሁለት ነገር ያዙ፦ አሁን ጥቅስ ወይም ኮሜንት ውስጥ ነን ወይ፣ እና የተከፈቱ ቅንፎች ቁልል። ቅንፍ ሲከፈት ከዜሮ ኮማ ጋር ቁልሉ ላይ አስቀምጡ፤ ኮማ ሲመጣ የላይኛውን ቁጥር በአንድ ጨምሩ፤ ቅንፍ ሲዘጋ የላይኛውን አንሱ። ከርሰሩ ጋ ስትደርሱ የቁልሉ ጫፍ መልሱን ይዟል። ጫፉ ላይ የአሬይ (የዋጋዎች ዝርዝር) ቅንፍ ካለ ከሱ በታች ያለውን ክብ ቅንፍ ተመልከቱ፤ የአሬዩ ኮማዎች ለፓራሜትሩ አይቆጠሩም። ጫፉ ላይ የፈንክሽን አካል የሚከፍት ቅንፍ ካለ ግን ቁሙ፤ ጸሐፊው በውስጡ አሥር መስመር ሲጽፍ የውጭኛው ጥሪ ሳጥን ከላዩ ሊያንዣብብበት አይገባም።

የዐረፍተ ኮዱን መነሻ ማግኘትም ሁልጊዜ ቀላል አይደለም፤ ብዙ መስመር የሚይዝ ጥቅስ ያለበት ቋንቋ ይህን ዘዴ ያሰናክለዋል። ለዚያ ዓይነት ቋንቋ ትሪ ሲተርን የመሰለ ፓርሰር (ኮድ አንብቦ አወቃቀሩን የሚያወጣ ፕሮግራም) ተጠቀሙ፤ ያላለቀ ኮድን ችሎ ዛፍ ይሠራል፣ ፋይሉ ሲለወጥም የተለወጠውን ክፍል ብቻ ነው እንደገና የሚያነበው። በከርሰሩ ቦታ ያለው ኮድ ሁልጊዜ ያላለቀ ነው፤ እየተጻፈ ነዋ። ሙሉ ኮድ ብቻ የሚያነብ ፓርሰር ፍንጩ በሚፈለግበት ቅጽበት ይወድቃል።

ፕሮቫይደሩን ስታስመዘግቡ ቀስቃሽ ምልክቶቹን ትሰጣላችሁ፤ ክፍት ቅንፍና ኮማ ይበቃሉ። ዝግ ቅንፍን በዳግም ቀስቃሽነት አስገቡት፤ እሱ የሚሠራው ሳጥኑ አስቀድሞ ከወጣ ብቻ ነው፣ የውስጥ ጥሪ ሲዘጋ ወደ ውጭኛው ለመመለስ ያገለግላል። ሌላ የሚረሳ ነገር አለ፦ ፈንክሽኑ ብዙ አጠራር ካለው ተጠቃሚው በቀስት ቁልፍ ሁለተኛውን ይመርጣል፤ ኮማ ሲጽፍ ፕሮቫይደሩ እንደገና ይጠራና ወደ መጀመሪያው ይመልሰዋል። ከጥሪው ጋር የሚመጣው ኮንቴክስት የቀድሞውን ምርጫ ይዟል፤ አሁንም የሚስማማ ከሆነ አክብሩት። የሚደምቀውን ፓራሜትርም በስሙ ከምትሰጡ በቁጥር ጥንድ፣ መነሻውና መድረሻው ተብሎ፣ ስጡ። በስም ከሰጣችሁ ኤዲተሩ ስሙን በመስመሩ ውስጥ መፈለግ ይኖርበታል፤ ያው ስም ሁለት ቦታ ካለ የተሳሳተው ሊደምቅ ይችላል።

ቁጥር ካነሳን ስለ ቦታ ቆጠራ እንነጋገር። ላንጉዌጅ ሰርቨር ፕሮቶኮልን፣ ማለትም ኤዲተርና ስለ ኮዱ መልስ የሚሰጥ ሰርቨር የሚነጋገሩበትን ደንብ፣ ማይክሮሶፍት፣ ሬድ ሃትና ኮደንቪ በ2016 ሲያስተዋውቁት ጥቅሙ ግልጽ ነበር፤ አንድ ሰርቨር ለብዙ ኤዲተር ይሠራል። በዚህ ፕሮቶኮል መስመርም ዓምድም ከዜሮ ይቆጠራሉ፤ ዓምዱ የሚቆጠረው ደግሞ በዩቲኤፍ 16 አሃድ ነው። ዩቲኤፍ 16 እና ዩቲኤፍ 8 ጽሑፍ በኮምፒውተር ውስጥ የሚቀመጥባቸው ሁለት አሠራሮች ናቸው። የግዕዝ ፊደል በዩቲኤፍ 16 አንድ አሃድ፣ በዩቲኤፍ 8 ሦስት ባይት ነው። ኢሞጂ አብዛኛውን ጊዜ ሁለት አሃድ፣ አራት ባይት ነው።

ከላይ ያየነውን መስመር እንቁጠረው። ከርሰሩ ያለበት ዓምድ በዩቲኤፍ 16 ሲቆጠር 26 ነው፤ በመስመሩ ውስጥ 11 የግዕዝ ፊደላት ስላሉና እያንዳንዱ ሁለት ተጨማሪ ባይት ስለሚወስድ፣ በባይት ሲቆጠር 48 ነው። ጎ እና ረስት ጽሑፍን በዩቲኤፍ 8 ይይዛሉ። በነሱ የተጻፈ ሰርቨር 26ን ሳይቀይር እንደ ባይት ከወሰደው የሚያርፈው “ወዳጄ” በሚለው ቃል መጨረሻ፣ በ“ጄ” ፊደል ሆድ ውስጥ ነው። ሰርቨሩ “ጥቅስ ውስጥ ነን፣ ፍንጭ የለም” ይላል፤ ረስት ከሆነና ጽሑፉን እዚያ ለመቁረጥ ከሞከረ ፕሮግራሙ ይቆማል። ሁሉንም ሙከራ በእንግሊዝኛ ፊደል ብቻ የሠራ ሰው ይህን ስሕተት ፈጽሞ አያየውም፤ እዚያ ሁለቱ ቁጥሮች እኩል ናቸውና። የፕሮቶኮሉ 3.17 እትም ኤዲተሩና ሰርቨሩ በአቆጣጠሩ እንዲስማሙ በር ከፍቷል፤ ካልተስማሙ ግን ዩቲኤፍ 16 ነው።

አሁን ስለ ጊዜ። ከርሰሩን ራሳችሁ የምትከታተሉ ከሆነ፣ ምርጫ ሲለወጥ የሚነሳውን ክስተት ታዳምጣላችሁ። የቀስት ቁልፍ ተጭኖ ሲያዝ ይህ ክስተት በሰከንድ እስከ 30 ጊዜ ያህል ሊነሳ ይችላል። ለእያንዳንዱ ክስተት ሰርቨሩን ብትጠይቁ የመጨረሻው መልስ የሚመጣው 29 የማይፈለጉ መልሶች ከተሠሩ በኋላ ነው። ስለዚህ ታይመር አስቀምጡ፦ ክስተት በመጣ ቁጥር የቀደመውን ታይመር ሰርዙ፣ አዲስ አስነሱ፤ ከርሰሩ ሲረጋ ብቻ ጠይቁ። ከ150 እስከ 300 ሚሊሰከንድ ተገቢ ነው። ከዚያ ካነሰ ሰው በመስመሮች ላይ ሲያልፍ ሳጥኑ ይርገበገባል፤ ከግማሽ ሰከንድ ከበለጠ ሰው ፍንጩን መጠበቅ ያቆማል። የድሮውን ፍንጭ ማጥፋት ግን ታይመሩን አይጠብቅ። ከርሰሩ እንደተነሳ ወዲያው ይጥፋ፤ አዲሱ ሲረጋ ይምጣ። ይህችን ልዩነት ብዙ ኤክስቴንሽን ይስታታል።

ታይመሩ ካለፈ በኋላም ችግሩ አላለቀም፤ ጥያቄው ወደ ሰርቨር ሄዶ እስኪመለስ ጸሐፊው ይጽፋል። ጥያቄውን ከመላካችሁ በፊት የሰነዱን የእትም ቁጥርና የከርሰሩን ቦታ ያዙ። መልሱ ሲመጣ አወዳድሩ፤ አንዱ ከተለወጠ፣ ወይም ተጠቃሚው ሌላ ፋይል ከከፈተ፣ መልሱን ጣሉት። አታስተካክሉት፣ “በግምት እዚህ ይሆናል” አትበሉ። ከርሰሩ ከአንድ በላይ ከሆነ ወይም ጽሑፍ ተመርጦ ከሆነ ደግሞ መጀመሪያውኑ አትጠይቁ።

የስረዛ ቶከኑን በተመለከተ አንድ የተለመደ አለመግባባት አለ። ሃምሳ ሺህ ስሞችን በአንድ ሉፕ የሚያጣራ ኮድ በየዙሩ ቶከኑን ይጠይቃል፤ ጸሐፊውም ስረዛን ያከበረ ይመስለዋል። ግን የጃቫስክሪፕት ኮድ በአንድ ክር፣ ማለትም ተራ በተራ፣ ነው የሚሄደው፤ የስረዛው መልእክት የሚደርሰው ሉፑ እጁን ሲለቅ ብቻ ነው። ሉፑ እስኪያልቅ ቶከኑ “አልተሰረዘም” እንዳለ ይቀራል። ሥራውን በቁራጭ ከፋፍሉት፣ በቁራጮቹ መሃል ለክስተቶች ፋታ ስጡ፣ ቶከኑን ከፋታው በኋላ ጠይቁ። ኤክስቴንሽኖች በጋራ የሚኖሩበት ፕሮሰስ ከኤዲተሩ መስኮት የተለየ ስለሆነ ጽሑፍ መጻፉ አይቆምም፤ የሌሎች ኤክስቴንሽኖች ፍንጭና ማሟያ ግን በእናንተ ሉፕ ምክንያት ተሰልፎ ይጠብቃል።

ዲኮሬሽን የግድ ከሆነባችሁ ዓይነቱን አንድ ጊዜ ብቻ፣ ኤክስቴንሽኑ ሲነሳ ፍጠሩ። በየክስተቱ አዲስ ዓይነት የሚፈጥር ኮድ የድሮውን ፍንጭ ስክሪኑ ላይ ትቶት ይሄዳል፤ ያላያዙትን ማጥፋት አይቻልምና። ለማሳየት ዝርዝር ስጡት፣ ለማጥፋት ባዶ ዝርዝር ስጡት። ቦታው የመስመሩ ጫፍ ይሁን። በመስመሩ መሃል ከሆነ ፍንጩ በተለወጠ ቁጥር የሚጻፈው ጽሑፍ ወደ ቀኝና ወደ ግራ ይዘላል፤ እጅ ሥር የሚንቀሳቀስ ኮድ ማንም አይወድም። ቀለሙን ከቴማው ውሰዱ፤ በጥቁር ዳራ ላይ ደስ የሚለው ግራጫ በነጭ ዳራ ላይ አይነበብም።

በፍንጩ ውስጥ ከሰው ኮሜንት የተወሰደ ጽሑፍ ካለ በማርክዳውን (ጽሑፍን በምልክቶች በሚያስጌጠው አጻጻፍ) እንዳለ አታፍስሱት። ኮከብና የግርጌ ሰረዝ ያለበት ስም መልኩ ይበላሻል፤ ጽሑፉን እንደ ተራ ጽሑፍ የሚያስገባውን መንገድ ተጠቀሙ። የታመነ የሚለውን ምልክትም አታብሩ፤ ካበራችሁት በሊንክ ተመስሎ የመጣ ትእዛዝ ሊሠራ ይችላል፤ ፋይሉ ከየት እንደመጣ ደግሞ አታውቁም።

ተደራሽነትን በተመለከተ የድረ ገጽ ተደራሽነት መመሪያው ደብሊውሲኤጂ 2.1 በ2018 ያስቀመጠው አንድ መስፈርት በቀጥታ ይመለከተናል። ቀስት ወይም ትኩረት ሲያርፍ የሚወጣ ሳጥን ቀስቱም ሆነ ትኩረቱ ሳይነሳ ሊዘጋ ይገባል፣ በተለምዶ በኢስኬፕ ቁልፍ፤ ቀስቱ ወደ ሳጥኑ ሲሻገር መጥፋት የለበትም፤ ቀስቱ ወይም ትኩረቱ እስኪነሳ፣ ተጠቃሚው እስኪዘጋው ወይም መረጃው እስኪያረጅ መቆየት አለበት። የኤዲተሩን የራሱን ሆቨር ስትጠቀሙ ይህ ሁሉ ተሠርቶላችኋል። በዲኮሬሽን የታየ ፍንጭ ግን ስክሪን ሪደር ለሚጠቀም ሰው ላይደርሰው ስለሚችል ያንኑ መረጃ በሆቨርም አቅርቡት። ማጥፊያና የመዘግየት ልክ የሚቀየርበት ሴቲንግም ስጡ።

ለሙከራ፣ ፕሮቫይደራችሁ ውስጥ ሆን ብላችሁ የሁለት ሰከንድ መዘግየት አስገቡ። ከዚያ አሥር ሺህ መስመር ያለው ፋይል ክፈቱ። የታች ቀስትን ይዛችሁ ልቀቁ፤ ካረፋችሁበት ሌላ የማንኛውም መስመር ፍንጭ ብልጭ ካለ የእትሙ ማወዳደሪያ አልሠራም። ቅንፍ ክፈቱና ሁለት ሰከንዱ ሳይሞላ ኮማ ጻፉ፤ የመጀመሪያው ፓራሜትር ከደመቀ አሁንም አልሠራም። ፍንጩ ሳይመጣ ፋይሉን ዝጉ፤ የኤክስቴንሽኑ መዝገብ ላይ ስሕተት ከተጻፈ የተዘጋ ኤዲተር ላይ ለመሳል ሞክራችኋል። ሁለተኛ ከርሰር ጨምሩ፤ ፍንጭ መውጣት የለበትም። በመጨረሻም ያንን የላክ እና የድምር መስመር ጻፉና በየፊደሉ ላይ ከርሰሩን አሳርፉ፤ ከክፍት ቅንፉ እስከ መጨረሻው ባዶ ቦታ ድረስ በየዓምዱ ሊመጣ የሚገባውን መልስ አስቀድማችሁ በወረቀት ጽፋችሁ አመሳክሩ።